ከቡድሃ እስከ ቡዳ

«ቡድሃ» የሚለውን ስም በሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተነሣ። ሳቁ ለእኔ አዲስ አይደለም። የምሥራቁን ዓለም ፍልስፍና ባስተማርሁ ቁጥር ይኸው ሳቅ በየዓመቱ ይመጣል፤ «ዶክተር፣ የእኛው ቡዳ ነው እንዴ?» የሚል ቀልደኛም አይጠፋም። እኔም እንደ ልማዴ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ከመቀራረባቸው በቀር አንዳች ዝምድና እንደሌላቸው፣ «ቡድሃ» በሕንዶች ጥንታዊ ቋንቋ «የነቃ» ማለት መሆኑን ተናግሬ ወደ ትምህርቴ አለፍሁ። በዚያን ዕለት ግን አንድ ያልሳቀ ተማሪ ነበር። ከእስቴ የመጣ ልጅ ነው። ክፍሉ ሲበተን በር ላይ ጠበቀኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ በቡድሃ ትምህርት ፍጡራን የሚኖሩባቸው ስድስት ዓለማት አሉ ብለውናል። ቡዳ የሚባለው ከስድስቱ በየትኛው ይመደባል?»

ሊቀልድ የፈለገ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። እርሱ ግን ፈገግ አላለም። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለኝና ዝም አለ።

የፍልስፍና መምህር ነኝ፤ ለጥያቄ መልስ መስጠት እንጀራዬ ነው። በዚያን ሰዓት ግን የምለው ጠፋኝ። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ልጁ ያነሣቸውን ዓለማት ላስረዳ። በቡድሂዝም ትምህርት ሕይወት አንድ ጊዜ ተኑሮ የሚያበቃ አይደለም፤ ፍጡር ሁሉ እንደ ሥራው እየተወለደ፣ እየሞተና ዳግም እየተወለደ ከዓለም ወደ ዓለም ይዞራል። በላይ አማልክት አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በቅናት የሚዋጉ አሱራ የተባሉ ኃያላን አሉ፤ ሰው አለ፤ እንስሳት አሉ፤ ሆዳቸው እንደ ተራራ፣ ጉሮሯቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ የሆነባቸው ረሃብተኞች መናፍስት አሉ፤ በመጨረሻም በእሳትና በበረዶ የሚሠቃዩ የሲኦል ነዋሪዎች አሉ። በፓሊ ቋንቋ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚከተሉት ደግሞ ይህንኑ አብራርተው 31 እርከን ያደርጉታል። በዓለሙ መካከል መሩ የተባለ ተራራ ቆሟል፤ በራሱም ላይ 33ቱ አማልክት ከንጉሣቸው ጋር ይኖራሉ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስደነግጣቸው የአማልክቱ ጉዳይ ነው። እነዚህ አማልክት ይሞታሉ! ዕድሜያቸው በሰው ቁጥር የማይገመት ቢሆንም የሚያልቅበት ቀን ይመጣል። የሞታቸውም ምልክት ተጽፏል፦ የአበባ ጉንጉናቸው ይጠወልጋል፣ ልብሳቸው ያድፋል፣ ብብታቸው ያልባል፣ የገላቸው ብርሃን ይደበዝዛል፣ የተቀመጡበት ዙፋን አልመች ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚወድቁ የሚወስነው ሥራቸው ነው። የሲኦሉም ነዋሪ እንዲሁ ነው። ሥቃዩ ዘመን የማይቆጥረው ይሁን እንጂ ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት ማንም በአንድ ሥፍራ ተቸንክሮ አይቀርም። እንዲያውም ለመዳን ከሁሉ የሚመቸው የሰው ዓለም ነው ይላሉ፤ አማልክት በተድላ ይዘነጋሉና፣ በሲኦል ያሉትም ሥቃይ ማሰቢያ ጊዜ አይሰጣቸውምና።

አንባቢ «ይህ የሩቅ አገር ተረት ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም «በረላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ታሪኩ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ ሕመምና ሞት እንዳያይ ብሎ በአዳራሽ ዘጋበት፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ አየ፤ በረላም ከሚባል ባሕታዊም ተማረ፤ መንግሥቱን ትቶ መነነ። ሊቃውንት ሲመረምሩት ይህ ታሪክ ከቡድሃ ሕይወት ተነሥቶ በየቋንቋው ሲተላለፍ ክርስቲያናዊ መልክ የያዘ ሆኖ ተገኘ። ይዋሴፍ የሚለው ስም እንኳ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ማዕርግ የመጣ ነው፤ በዐረብኛው ፊደል «በ» እና «የ» የሚለዩት በነጥብ ነውና በአንዲት ነጥብ ስሕተት «በ»ው «የ» ሆነ። እንግዲህ አባቶቻችን ሳያውቁት የቡድሃን ታሪክ በግእዝ ሲያነቡ ኖረዋል ማለት ነው። ቡድሃን እንደ ጻድቅ የተቀበለች አገር ሸክላ ሠሪዋን ለምን እንደ ጭራቅ አየች?

ወደ ራሳችን ዓለማት ልምጣ። የተወለድሁት በታች ጋይንት ነው። ጋይንትን የማያውቅ የከተማ ሰው ስለ ድርቅ ሲወራ ብቻ ስሟን ይሰማ ይሆናል፤ የቤተ ክህነት ሰው ግን ጋይንት ሲባል የሚያስበው ቤተልሔምን ነው። የድጓ መምህር ልሁን ያለ ሁሉ ከየአገሩ እግሩን ወደ ቤተልሔም አንሥቶ በዚያ ካልተመሰከረለት ምሉዕ አይባልም ነበር። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው አካባቢ ነው። በልጅነቴ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከቅኔው ጋር ሰማያትን በቃል የሚቆጥሩ ደብተሮች እሰማ ነበር። ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፤ ከዚያም ሦስቱ የመላእክት ከተሞች ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር። በኢዮር አራት፣ በራማ ሦስት፣ በኤረር ሦስት አለቅነት፤ እያንዳንዱ ዐሥር ዐሥር ነገድ፤ ድምሩ 100 ነገደ መላእክት። ሚካኤል የኃይላት አለቃ፣ ገብርኤል የአርባብ፣ ሩፋኤል የመናብርት። በኋላ ስለ መሩ ተራራና ስለ 33ቱ አማልክት ሳነብ ያልተደናገርሁት ይህን ቀድሜ ስለ ሰማሁ ይመስለኛል። ሰማይን እንደ ግቢ፣ እንደ እልፍኝና እንደ አዳራሽ ከፍሎ ማየት ለጋይንት ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ ከመጽሐፉ ካርታ በታች የመንደሩ ካርታ አለ። በዋርካው ሥር አድባር፣ በቤቱ ቆሌ፣ በሰው ላይ ውቃቢና ዛር፣ በወንዙ ዳር ጋኔን። ስለ ዛር የሚነገረው ታሪክ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል። ሔዋን 30 ልጆች ወለደች፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ በመልካቸው የሚበልጡትን 15ቱን ደበቀቻቸው፤ የተደበቁትም እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛርም ሆኑ። የቀረነው 15ቱ የእኛ ወላጆች ናቸው። በዚህ ታሪክ መሠረት ዛር ጠላታችን አይደለም፤ ቆንጆው ወንድማችን ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከተማ ተቀምጦ፣ መልካም አየሁ ከምትባል ባለዛር ቤት ውሎ እያደረ ዛሮቹን በስማቸው፣ በማዕርጋቸውና በሚወዱት ልብስ መዝግቧል። ዛር ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ግብር ይሰጠዋል። ከሰው ጋር ውል ያለው ፍጡር ነው።

ልብ ይበሉ። መልአኩም፣ ጋኔኑም፣ ዛሩም የየራሳቸው ዓለም አላቸው። በእነርሱ ብታምኑም ባታምኑም የምትጎዱት ጎረቤት የለም። ቡዳ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቡዳ ቤት አለው፤ ሚስት አለው፤ ማረሻ ይሠራል፤ ምጣድ ትሠራለች፤ በገበያ ቀን ከጎናችሁ ይቀመጣል። ከመናፍስቱ ዝርዝር ውስጥ የቀበሌ ነዋሪ የሆነው እርሱ ብቻ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ በዓይኑ ይበላል ይባላል። ይህም በሥራው ያገኘው አይደለም፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። የሲኦሉ ነዋሪ አንድ ቀን ይወጣል ያልሁትን ያስታውሷል፤ የእስቴው ጠይብ ግን ምንም ቢሠራ፣ ቢጾም፣ ቢቆርብ አይወጣም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው አለ፤ ለተማሪዬም የነገርሁት ይህንኑ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታመምሁ። ከአባቴ ጋር ወደ በሽሎ ቆላ ለአዝመራ ወርደን ከተመለስን በኋላ ነበርና አሁን ሳስበው ወባ ይመስለኛል። ትኩሳቱ ሲበረታ እቃዥ ጀመር። «ይህ ልጅ ተበልቷል» ተባለ። ጊዜዋ አጨሱብኝ፤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አሸተቱኝ፤ ቤቱ በሰው ሞላ። ከዚያም ጥያቄው መጣ፦ «ማነው የበላህ? ተናገር፣ ማነው?» እኔም ስም ጠራሁ። የመንደራችንን ጠይብ ስም ጠራሁ።

ለምን እርሱን? ምክንያቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሳምንታት በፊት አባቴ ማረሻ ሊያስመታ ሲሄድ ተከትዬ ሄጄ ነበር። ወናፉ ሲነፋ፣ ፍሙ ሲቀላ፣ ብረቱ ሲለሰልስ ስመለከት ዋልሁ። ሰውየው ዓይኔን አይቶ ሳቀ፤ ከኪሱም ቆሎ ሰጠኝ። በትኩሳት ራሴ ውስጥ የነበረው እሳት የእርሱ እሳት ነበር፤ በዙሪያዬ የቆሙት ሰዎች የሚጠብቁትም የእርሱን ስም ነበር። የጠበቁትን ሰጠኋቸው። ዳንሁ፤ መዳኔም ማስረጃ ሆነበት።

ማንም በዱላ አልነካውም። ማረሻም ማስመታት አልተወም፤ እርሱ ካልመታው ማን ይመታዋል? ብቻ ደጁ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሚስቱ ከምንጩ ስትደርስ ሌሎቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ መነሣት ጀመሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤቱን ነቅሎ ወደ ስማዳ ተሻገረ አሉ። በመስከረም መንደሩ ማጭድ የሚስልለት አጥቶ ሽማግሌ ልኮ ሌላ ጠይብ ከእስቴ ለምኖ አመጣ። ይህን ስጽፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሰውየውን ስም ዛሬ እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ መጥራቴ ይበቃል።

«መምህራኑ ቡዳ መንፈስ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብለው ያስተምራሉ» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፣ እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ከድሮውም አባባል ይሻላል። ነገር ግን የመንፈሱ አድራሻ ሁልጊዜ የአንድ ሙያተኛ ቤት የሚሆነው ለምንድን ነው? በየዩቲዩቡ በሚለቀቁት የማጥመቅ ትዕይንቶች «በማን በኩል ገባህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የታመመችውም ልጅ «በጎረቤቷ» ስትል እልፍ ሰው ይመለከታል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ የሰማኝ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ነበር።

መጽሐፍ የሚጠቅሱም አሉ። በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ በኖረልን መጽሐፍ፣ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ለሰው ልጆች ያስተማረ ከወደቁት አንዱ አዛዝኤል ነው ተብሏል። ስለዚህ የብረት ሥራ ከወደቁት የመጣ ነው ይሉናል። መልካም። ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ ኦሪት ዘጸአት አለ፤ በምዕራፍ 31 ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፏል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስታወሳችን የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም። ደግሞስ በቤተልሔም ያሬዳዊው ዜማ የሚቆመው በምንድን ነው? ጸናጽሉን የሠራው እጅ የማን ነው? ካህኑ የሚባርክበት መስቀል ከማን ምድጃ ወጣ? በጠይብ እጅ የተሠራውን መስቀል ተሳልመን ጠይቡን የምንጸየፍ ሕዝብ ነን።

ታዲያ ቡድሃን እንከተል እያልሁ ነውን? አይደለም። ትምህርቱ መውጫ በር አለው፤ ይህን በር አይቶ ነው የሕንዱ የሕግ ሊቅ አምበድካር፣ ራሱ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ወገኖቹ ጋር ወደ ቡድሂዝም የገባው። ነገር ግን ያው ትምህርት «ዝቅ ብለህ የተወለድኸው ባለፈው ሕይወትህ በሠራኸው ኃጢአት ነው» ለማለትም ተመችቷል። በስሪላንካ ከፍ ካለው ወገን ያልተወለደውን የማያመነኵስ ማኅበር አለ። በጃፓን ቡራኩ ለተባሉት፣ ቆዳ በመፋቅና ከብት በማረድ ይኖሩ ለነበሩት ወገኖች፣ በመቃብራቸው ላይ ሳይቀር የሚያዋርድ ስም የጻፉ የቡድሂስት መቅደሶች ነበሩ። እነርሱም ፋቂ አላቸው፤ እነርሱም ከሰው በታች ያደርጉታል። ሰማዩ የቱንም ያህል ቢለያይ የምድሩ ክፋት መመሳሰሉ ያስገርማል።

ሕግስ? ሕግ አላጣንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእኛው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ በጋፋት የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ ለብረት ሠሪ የሰጡት ክብር ከመኳንንቱ አያንስም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን ከርስት ሐረግ ነጠለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ወይም በትውልዱ እንዳይለይ ይደነግጋል። እኔ የጠይቡን ስም የጠራሁት ከምኒልክ አዋጅ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፎ ነው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ «ማነው የበላህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን የከለከለ ሕግ የለም።

ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ የከተማ ምሁር ካለ ወደ ፖለቲካችን ዓይኑን ይመልስ። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ቃል ከጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት ሲወጣ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ማንም አልጠየቀም። የሌሊቱን ጅብ ጋይንት ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ሰው መስሎ የሚውል፣ ሲመሽ የሚለወጥ የተባለው ጎረቤቴ ነው። ዘይቤው ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። የተባለው ስለ ጥቂት ሹማምንት ነው ተብሎ ይሆናል፤ ስድቡ ግን በፍጥነት ወደ ሕዝብ ወረደ፤ በሌላውም ወገን የእንስሳና የሰይጣን ስም አልጠፋም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በነበሩባቸው ቀናት የተደፈሩ ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ቃላቸውን ሲሰጡ፣ አጥቂዎቹ በዘራቸው እየጠሩ «አህያ» ይሏቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። በትግራይም ሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ በእንደዚህ ያለ ስድብ የታጀበ እንደ ነበር ተመዝግቧል። በስድስቱ ዓለማት ትምህርት ሰው ወደ እንስሳ ዓለም የሚወርደው ከሞተ በኋላ ነው። እኛ በቁሙ እናወርደዋለን፤ ካወረድነው በኋላ የምናደርግበት ነገር አይከብደንም።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሊቃውንት የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በአጋንንት መኖር አትመኑ አልልም፤ ያ የእኔ ሥልጣን አይደለም። የታመመ ይጸበል፣ ይጸለይለት፣ ወደ ሐኪምም ይሂድ። ብቻ በሽተኛን ከብቦ የሰው ስም የሚጠይቀውን አንደበት ያውግዙልን። መንፈሱ ይውጣ፤ የጎረቤት ስም ግን አይጠራ። የድጓ መምህር በሰንበት በዐውደ ምሕረት ቆሞ ይህን አንድ ጊዜ ቢናገር የእኔን መቶ ጽሑፍ ያህል ይሠራል።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። «ከስድስቱ በሦስተኛው ነው፤ በሰው ዓለም» አልሁት። ከዚያም የጠይቡን ታሪክ ነገርሁት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ስለ እናቱ ነገረኝ። ገበያ ስትወርድ ምጣዷን አሸክማው የምትሄደው ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ ነው። የታዘለ ሕፃን ያላት ሴት ከፊቷ ከመጣች ከመንገድ ትወጣለች፤ ጀርባዋን ሰጥታም እስክታልፍ ትቆማለች። «ልጆች በጣም ትወዳለች» አለኝ። «ከእኛ ከወለደቻቸው በቀር ግን የሰው ልጅ ዐቅፋ አታውቅም።»